የሰው ባሕርይ ስንት ነው? ሦስት፣ አምስት ወይስ ስድስት

ጥያቄ፦ «ስለ ስብዕና ሳነብ ግራ ገባኝ። አንዱ የሰው መሠረታዊ ባሕርያት አምስት ናቸው ይላል። ሌላው ስድስት ይላል። ሦስት የሚልም፣ ዐሥራ ስድስት የሚልም አገኘሁ። ሥራ ቦታ የሞላሁት መጠይቅ ደግሞ በአራት ፊደል ‹አንተ ይህ ዓይነት ሰው ነህ› አለኝ። ከወራት በኋላ ደግሜ ስሞላው አንዱ ፊደል ተቀየረ። ሳይንስ ከሆነ ቁጥሩ ላይ እንኳ እንዴት መስማማት ያቅታል? የቱን ልመን?»

ምላሽ፦

ግራ መጋባትዎ ተገቢ ነው። ብዙ ጽሑፎች የራሳቸውን ሞዴል ብቻ ያቀርቡና ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳይነግሩን ያልፋሉ። ምንጩን ካወቁ ግማሹ ጠብ ይረግባል። ቀሪው ግማሽ እውነተኛ ክርክር ነው፤ እሱንም እንዳለ አቀርብልዎታለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመዝገበ ቃላት ነው። ሰዎች አብረው እስከኖሩ ድረስ አንዱ የሌላውን ጠባይ ማወቅ አለበት። ማን ቃሉን ይጠብቃል? ማን ቶሎ ይቆጣል? ማን ምሥጢር ይይዛል? ልዩነቱ ለኑሮ የሚያስፈልግ ከሆነ ውሎ አድሮ ቃል ይወጣለታል። በጣም የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ብዙ ቃል ይወጣለታል። በአማርኛ ብቻ ቢያስቡት ጭምት፣ ዝምተኛ፣ ቁጥብ፣ ዓይን አፋር የሚሉት ቃላት ተጠጋግተው ይኖራሉ። ቁጡ፣ ግልፍተኛ፣ ነጭናጫ የሚሉትም እንዲሁ። ይህ ሐሳብ የቃላት መላምት ይባላል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1884 የጠባይ ቃላትን ሊቆጥር ሞክሮ ቢያንስ 1,000 እንደሚሆኑ ገምቶ ነበር። በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አበጥረው 18,000 ገደማ ቃላት ሰበሰቡ። ከነዚህ ውስጥ ቋሚ ባሕርይን የሚገልጹት 4,500 ያህል ነበሩ።

4,500 ቃል ይዞ ሰውን መመዘን አይቻልም። ማሳነስ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ፋክተር አናሊሲስ የሚባል የሒሳብ ዘዴ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ሺህ ሰዎች ራሳቸውን በመቶ ቃላት መዘኑ እንበል። ራሱን «ተጫዋች» ያለ ሰው «ደፋር» የማለት ዕድሉም ከፍ ይላል። «ሰዓት አክባሪ» ያለው «ቃሉን ጠባቂ» ወደማለት ያዘነብላል። አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ቃላት ተሰብስበው አንድ ጎራ ይሠራሉ። ያ ጎራ ፋክተር ይባላል። ስም የምንሰጠው እኛ ነን።

ታዲያ ጎራዎቹ ስንት ናቸው? ኮምፒውተሩ «አምስት ናቸው» ብሎ አይናገርም። የመጀመሪያው ጎራ ብዙ ልዩነት ያብራራል፤ ሁለተኛው ትንሽ ያነሰ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ያነሰ። እየቀጠለ ይሳሳል። «እዚህ ላይ ይበቃል» የሚለው ተመራማሪው ነው። ለዚህ ውሳኔ የሚረዱ ደንቦች አሉ፤ ግን ደንቦቹ ራሳቸው ሁልጊዜ አይስማሙም። ተማሪ ሳለሁ በአንድ መረጃ ላይ ሁለት ደንብ ሞክሬ በአንዱ አምስት፣ በሌላው ሰባት ወጣልኝ። ያን ቀን የተሳሳትኩ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ስደጋግም አደርኩ። ስሕተት አልነበረም።

ይህን ከያዝን ዐሥራ ስድስቱን መረዳት አይከብድም። ሬይመንድ ካቴል የኦልፖርትን ዝርዝር ወስዶ በየደረጃው እያሳነሰ ሄደ። በመጨረሻ 16 ባሕርያትን የሚለካ መጠይቅ በ1949 አወጣ። እሱ የፈለገው ጥቃቅኑን ልዩነት ሳይጥል መያዝ ነው። ስለዚህ ጎራዎቹ እርስ በርስ ቢዛመዱም ግድ አልነበረውም። ከተዛመዱ ደግሞ እንደገና መሰብሰብ ይቻላል ማለት ነው። ሲሰበሰቡም የዚሁ መጠይቅ የኋላ እትሞች አምስት ሰፋፊ ባሕርያትን ያሳያሉ። እንግዲህ 16 እና 5 ጠላቶች አይደሉም። አንዱ ሰብሰብ አድርጎ ያያል፤ ሌላው ዘርዝሮ።

አምስቱን በግልጽ ካገኟቸው ቀደምት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ነው። ኧርነስት ቱፕስና ሬይመንድ ክሪስታል በ1961 ስምንት የተለያዩ የሰዎች ስብስቦችን መርምረው ደጋግመው አምስት ጎራ አገኙ። በ1963 ዋረን ኖርማን ያንኑ አጸና። ከዚያ ነገሩ ለዓመታት ቀዘቀዘ። ሉዊስ ጎልድበርግ በ1981 «ቢግ ፋይቭ»፣ ማለትም ታላላቆቹ አምስት፣ የሚለውን ስም ሰጠው። ፖል ኮስታና ሮበርት ማክሬ ደግሞ ከሦስት ባሕርያት ተነስተው በ1985 ወደ አምስት አሳደጉት። በ1992 ያወጡት መጠይቅ 240 ጥያቄ አለው። በእያንዳንዱ ታላቅ ባሕርይ ሥር ስድስት ንዑሳን ባሕርያትን ይለካል፤ በጠቅላላው 30።

አምስቱን በአጭሩ ላስተዋውቅዎት። ኤክስትራቨርዥን ከሰው መቀላቀል፣ ጉልበት፣ ደስታን ቶሎ መሰማት ነው። ኒውሮቲሲዝም መጨነቅ፣ መከፋት፣ በትንሹ መረበሽ። ተስማሚነት ለሌላው ማሰብ፣ መተባበር፣ ልበ ለስላሳነት። ጥንቁቅነት ሥርዓት፣ ታታሪነት፣ የጀመሩትን መጨረስ። ክፍትነት ደግሞ ለአዲስ ሐሳብ፣ ለኪነ ጥበብና ለምናብ ቦታ መስጠት። ከአምስቱ ለትርጉም በጣም የሚያስቸግረው ይህ የመጨረሻው ነው። አንዳንዱ ተመራማሪ አስተዋይነት ይለዋል፣ ሌላው ምናባዊነት። በየቋንቋው ሲፈተሽም እንደ ሌሎቹ ጸንቶ አይገኝም።

አሁን ወደ እውነተኛው ክርክር እንግባ።

መጀመሪያ ሦስት ባዩ ሃንስ አይዘንክ። አይዘንክ ከቃላት አልተነሳም። ከአካል ነው የተነሳው። የነርቭ ሥርዓታችን ይለያያል፤ ጠባያችንም ከዚያ ይመነጫል ብሎ አመነ። በ1947 ኤክስትራቨርዥንንና ኒውሮቲሲዝምን አስቀመጠ። በ1970ዎቹ ሳይኮቲሲዝም የሚለውን ሦስተኛ ጨመረ። ይህ ጭካኔን፣ ግድ የለሽነትንና ሥርዓት አልባነትን አንድ ላይ ያቀፈ ነው። እንደ እሱ አባባል ተስማሚነትና ጥንቁቅነት የሚባሉት የዚህ የሦስተኛው ባሕርይ ቁራጮች እንጂ ራሳቸውን የቻሉ መሠረቶች አይደሉም። በ1992 በአንድ መጽሔት ላይ እሱና የአምስቱ ደጋፊዎች ኮስታና ማክሬ ፊት ለፊት ተሟገቱ። እሱ አምስቱ ለምን መሠረታዊ እንዳልሆኑ አራት ምክንያት ዘረዘረ። እነሱ ደግሞ ለምን መሠረታዊ እንደሆኑ አራት ምክንያት ይዘው መጡ።

እኔ የት እንደቆምኩ ልንገርዎት። አይዘንክ ያነሳው ጥያቄ ትልቅ ነው። «ቃላትን መሰብሰብ መግለጫ ይሰጥሃል፤ መንስኤ አይሰጥህም» ማለቱ ዛሬም ልክ ነው። ሦስተኛው ባሕርይው ግን ያስቸግረኛል። ሁለት ሰዎችን ያስቡ። አንደኛው ልቡ ደንዳና ነው፤ ለሰው አያዝንም። ግን ወረቀቱ ሁሉ በቦታው ነው፣ ቀጠሮ አያዛንፍም። ሁለተኛዋ እጅግ ሩኅሩኅ ነች። ግን ቁልፏን በቀን ሦስቴ ትጥላለች፣ የጀመረችውን አትጨርስም። ሁለቱ በአይዘንክ መጠይቅ ላይ መሐል አካባቢ ተቀራራቢ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። አንዱ በጭካኔው ነጥብ ይሰበስባል፣ ሌላዋ በዝርክርክነቷ። ሆኖም ከሁለቱ ጋር አብሮ የኖረ ሰው «አንድ ናቸው» ቢሉት ይገረማል። ተስማሚነትና ጥንቁቅነት ተለያይተው መለካት ያለባቸው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ስድስት ባዮቹ። እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በደንብ አልተረዳውም። ማይክል አሽተንና ኪቤኦም ሊ የቃላት ጥናቱ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዳይቆም ብለው የሌሎች ቋንቋዎችን ውጤት አነጻጸሩ። በ2004 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ባሳተሙት ሥራ ሰባት ቋንቋዎች ገብተዋል፦ ደች፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ሀንጋሪኛ፣ ጣልያንኛ፣ ኮሪያኛና ፖላንድኛ። በነዚህ ውስጥ አንድ ስድስተኛ ጎራ ደጋግሞ ብቅ አለ። በአንድ ጫፉ ሐቀኛ፣ ቅን፣ ትሑት የሚሉ ቃላት አሉ። በሌላው ጫፍ ስግብግብ፣ አታላይ፣ ግብዝ፣ እብሪተኛ። ሐቀኝነትና ትሕትና ብለው ሰየሙት። ሞዴሉም ሄክሳኮ ተባለ።

የሚዘነጋው ነገር ይኸውና። ሄክሳኮ «አምስቱ ሲደመር አንድ» አይደለም። ሌሎቹም ቦታ ተለዋውጠዋል። በአምስቱ ሞዴል ቁጣ የኒውሮቲሲዝም አካል ነው፤ ከጭንቀት ጋር ይቀመጣል። በሄክሳኮ ቁጣ ወደ ተስማሚነት ዝቅተኛ ጫፍ ተዛውሯል። በአንጻሩ ሆደ ቡቡነትና ለቅርብ ሰው መንሰፍሰፍ ከፍርሃትና ከጭንቀት ጋር ሆነው ስሜታዊነት በሚባል ጎራ ገብተዋል። ስለዚህ በአንድ መጠይቅ «ተስማሚነትህ ከፍተኛ ነው»፣ በሌላው «መካከለኛ ነው» ቢሉዎት የግድ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ስሙ አንድ ቢሆንም የሚለኩት ነገር በከፊል የተለያየ ነው። ሞዴሎችን ስታነጻጽሩ በስም አትታለሉ የምለው ለዚህ ነው። ጥያቄዎቹን አንብቡ።

ስድስተኛው ባሕርይ አዲስ ነገር ይነግረናል? እኔ አዎ ባይ ነኝ፤ ግን በልክ። ሰዎች ማንም ሳያያቸው ገንዘብ እንዲያካፍሉ በሚደረጉ ሙከራዎች ላይ ሐቀኝነትና ትሕትና ማን ፍትሐዊ ድርሻ እንደሚሰጥ ለመገመት ይረዳል። ሌላውን መበዝበዝ፣ ማጭበርበርና ራስን ማግነን የሚመለከት ጥያቄ ሲኖር ከአምስቱ የተሻለ ይሠራል። የአምስቱ ደጋፊዎች ግን ዝም አላሉም። የእነ ኮስታ መጠይቅ በተስማሚነት ሥር ቀጥተኛነትንና ልከኝነትን ቀድሞም ይለካል፤ ስለዚህ ሐቀኝነት ጨርሶ የተረሳ አይደለም ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ልዩነቱ በዚያ መጠይቅ ውስጥ ሐቀኝነት ከሌሎች ጋር ተደባልቆ መቅረቡ ነው።

«አታላይ ሰው መጠይቁ ላይስ አታላይ ነኝ ብሎ ይሞላል?» ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚያስቀጣው ወይም የሚያሸልመው ነገር ከሌለ ሰዎች ከምንጠብቀው በላይ ግልጽ ናቸው። ስለ ራሳቸው የሚሉትና በቅርብ የሚያውቋቸው ሰዎች ስለ እነሱ የሚሉት በሚገባ ይቀራረባል። ሥራ ለመቀጠር ሲሞላ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ሁሉም ጥሩ ሰው ነው።

ከአምስት በታች የሚወርዱም አሉ። ቦሌ ዴ ራድና ባልደረቦቹ በ2010 የብዙ ቋንቋዎችን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው በሁሉም ዘንድ በአስተማማኝ የሚደገሙት ሦስት ብቻ ናቸው አሉ፦ ኤክስትራቨርዥን፣ ተስማሚነትና ጥንቁቅነት። ልብ ይበሉ፣ እነዚህ የአይዘንክ ሦስት አይደሉም። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ይዘቱ ሌላ ነው። ጆን ዲግማን በ1997 አምስቱን ራሳቸውን አሰባስቦ ሁለት አገኘ። አንዱ ተስማሚነትን፣ ጥንቁቅነትንና የስሜት መረጋጋትን (የኒውሮቲሲዝምን ተቃራኒ) ይይዛል። ሌላው ኤክስትራቨርዥንንና ክፍትነትን። ሁሉንም ጠቅልለው አንድ አጠቃላይ ባሕርይ አለ የሚሉም መጥተዋል። እኔ በዚህኛው አላምንም። «ጥሩ ጥሩው ሁሉ እኔ ጋ አለ» ብሎ የመሙላት ዝንባሌ ብቻውን እንዲህ ያለ ውጤት ሊፈጥር ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ጥናት ግን በ2013 የወጣው ነው። ማይክል ገርቨንና ባልደረቦቹ በቦሊቪያ ከሚኖሩት ከጺማኔ ሕዝብ ከ600 በላይ አዋቂዎችን ጠየቁ። ጺማኔዎች በአደንና በአነስተኛ እርሻ የሚኖሩ ናቸው። አምስቱ አልወጡም። በምትኩ ሁለት ሰፋፊ ጎራዎች ታዩ፤ አንዱ ለሌላው መልካም መሆንን፣ ሌላው ታታሪነትን የሚመለከት። ተመራማሪዎቹ የሰጡት አንድ ማብራሪያ ያሳምነኛል። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ የኑሮ መንገዱ ጥቂት ነው። ብዙ ሙያ፣ ብዙ ዓይነት አኗኗር ባለበት ግን ባሕርያት በተለያየ አቅጣጫ ሊለያዩ ቦታ ያገኛሉ። ይህ ልክ ከሆነ አምስቱ በሰው ውስጥ ብቻ ያሉ አይደሉም። በከፊል ከሚኖርበት ዓለም ጋር የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ አራቱ ፊደላት። ይህን መጠይቅ የሠሩት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ናቸው። መነሻቸው የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 ያቀረበው የሰዎች ዓይነት አከፋፈል ነው። አራት ጥንዶች አሉት፤ ከየጥንዱ አንዱን ፊደል ይሰጡዎታል። ሁለት በሁለት እየተባዛ 16 ዓይነት ሰው ይወጣል። (ይህ 16 ከካቴል 16 ጋር ምንም ዝምድና የለውም። እዚያ 16 መለኪያ ነው፣ እዚህ 16 ሣጥን።)

የእርስዎ ፊደል ለምን ተቀየረ? ቁመትን ያስቡ። ሰዎችን ሁሉ «ረጅም» እና «አጭር» ብለን ለሁለት ብንከፍል መስመሩ መሐል ላይ ይወድቃል። ችግሩ አብዛኛው ሰው መሐል አካባቢ መሆኑ ነው። ከመስመሩ በአንድ ጣት ከፍ ያለው «ረጅም» ይባላል፤ በአንድ ጣት ዝቅ ያለው «አጭር»። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ ልዩነታቸው አይታይም። ባሕርይም እንደዚሁ ነው። ነጥቦች ሲደረደሩ ሁለት ጉብታ አይሠሩም፤ መሐሉ ላይ ነው የሚከማቹት። እርስዎ በአንዱ ጥንድ ላይ መሐል አካባቢ ከሆኑ ትንሽ የስሜት ለውጥ፣ አንድ ሁለት ጥያቄ በሌላ መንገድ መመለስ፣ ፊደሉን ይገለብጠዋል። እርስዎ አልተቀየሩም። መስመሩን ነው ያለፉት።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ መጠይቁ ባዶ አይደለም። ማክሬና ኮስታ በ1989 እንዳሳዩት አራቱ ጥንዶች ከአምስቱ ባሕርያት ከአራቱ ጋር ይዛመዳሉ። የሚጎድለው ኒውሮቲሲዝም ነው። እንግዲህ ሰዎች ውጤታቸውን አንብበው «ይሄማ እኔ ነኝ» ማለታቸው አይገርመኝም። የተለካ ነገር አለ። ጉዳቱ የሚመጣው ነጥቡን ጥለን ፊደሉን ስናስቀር ነው። ኒውሮቲሲዝምን መተውም ቀላል ጉድለት አይደለም። ከጭንቀትና ከድብርት ጋር በጣም የተቆራኘው ባሕርይ እሱ ነው።

ለጥያቄዎ ልብ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ደግሞ አለ። አምስትም ይሁን ስድስት፣ እነዚህ ሞዴሎች የሚነግሩን ሰዎች እርስ በርስ በምን እንደሚለያዩ ነው። በአንድ ሰው ውስጥ ምን እንዳለ አይነግሩንም። «ለምን ብዙ ያወራል?» «ኤክስትራቨርት ስለሆነ።» «ኤክስትራቨርት መሆኑን በምን አወቅክ?» «ብዙ ስለሚያወራ።» ይህ መዞር ነው እንጂ ማብራሪያ አይደለም። በዘር የሚወረስ ድርሻ አለ፤ የመንትዮችና የቤተሰብ ጥናቶች በአማካይ ከልዩነቱ 40 በመቶ ገደማ ይሰጡታል። ግን «የተስማሚነት ጂን» የሚባል ነገር አልተገኘም። እጅግ ብዙ ጂኖች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። «መሠረታዊ» የሚለው ቃል ስለዚህ በሁለት ትርጉም ይሠራል። ለመግለጽ መሠረታዊ ከሆነ አምስቱና ስድስቱ ጥሩ መልስ ናቸው። መንስኤን በተመለከተ መሠረታዊ ከሆነ ግን መልሱ ገና አልተገኘም።

ያም ሆኖ መግለጫው ይጠቅማል። መሬይ ባሪክና ማይክል ማውንት በ1991 ብዙ ጥናቶችን ደምረው ጥንቁቅነት በሁሉም የሥራ ዓይነት ከውጤታማነት ጋር እንደሚዛመድ አሳዩ። ክሪስቶፈር ሶቶ በ2019 አምስቱ ከሕይወት ጉዳዮች ጋር አላቸው የተባሉ 78 ዝምድናዎችን እንደገና ፈተሸ። 87 በመቶ ገደማ ተደገሙ፤ መጠናቸው ግን ቀድሞ ከተዘገበው ያነሰ ነበር። ብዙ የሥነ ልቦና ግኝቶች ሲፈተሹ በወደቁበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሕክምናውም ወደዚሁ መጥቷል። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ የስብዕና መታወክን በድሮዎቹ ዓይነቶች መከፋፈል ትቶ በክብደት ደረጃ ያየዋል። ከዚያ የባሕርይ ዝንባሌዎችን ይጨምርበታል። አብዛኞቹ ከአምስቱ ጽንፎች ጋር ቅርብ ዘመድ ናቸው።

«የቱን ልመን» ላሉት፣ እኔ በሥራዬ የማደርገውን ልንገርዎት። በመደበኛነት አምስቱን እጠቀማለሁ፤ ብዙ ምርምር የተከማቸው እዚያ ስለሆነ። እምነት፣ ገንዘብ ወይም ሥልጣን ያለበት ጉዳይ ሲሆን ወደ ስድስቱ እሄዳለሁ። ጥያቄው ጠባብ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ሰው ሥራ ለምን ለነገ እንደሚያሳድር ማወቅ ከፈለግሁ፣ ታላላቆቹን ትቼ ንዑሳኑን አያለሁ። ጥንቁቅነቱ «መካከለኛ» የተባለ ሰው ዕቃውን በሥርዓት የሚያስቀምጥ ሆኖ ሥራ መጀመር ግን የሚያቅተው ሊሆን ይችላል። አማካዩ ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል።

ያንን ባለ አራት ፊደል መጠይቅ ሥራ ቦታ እንደገና ከሰጡዎት ከፊደሉ ጋር ነጥብዎን ይጠይቁ። በየጥንዱ ከመሐሉ ምን ያህል እንደራቁ ይመልከቱ፤ መሐል ላይ ያለችውን ፊደል እንደሌለች ይቁጠሯት። ለቅጥር ወይም ለዕድገት ሊጠቀሙበት ካሰቡ ደግሞ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ የመጠይቁ ባለቤቶች ራሳቸው ሠራተኛ ለመምረጥ እንዳይውል ይከለክላሉ።